የአንድ ዓመት ትምህርት በባዕድ አገር፦ ምን ይዤ ሄድኩ፣ ምን ይዤ መጣሁ?

ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። «ብርዱ እንዴት ነው?»፣ «በወር ስንት ይሰጧችኋል?» እና «ለምን ተመለስሽ?»። እኔም ከጀርመን በመጣሁ በሳምንቱ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ጉርድ ሾላ እስክወርድ ድረስ ሦስቱንም በአንዲት የክፍሌ ልጅ ተጠይቄ ጨርሻለሁ። ምን ተማርሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም በ1970ዎቹ፣ በደርግ ጊዜ፣ ምሥራቅ ጀርመን የተማሩትና ዛሬም በትርፍ ሰዓት የሚያስተምሩን አንጋፋው መምህራችን ናቸው። «እህ፣ ዓመቱን ሙሉ ምን ተምረሽ መጣሽ?» ሲሉኝ ቶሎ የሚመጣ መልስ አጣሁ። የወሰድኳቸውን ኮርሶች ስም ቆጠርኩላቸው። «እሱን ትራንስክሪፕትሽ ላይ አየዋለሁ» ብለው ሄዱ። ውድ የቡለቲናችን አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የቀረበ መልስ ነው።

የሄድኩት የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ በሚለው የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም ሲሆን ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነበር። ቦታው ቱሪንገን የሚባለው የመካከለኛው ጀርመን ክፍለ ግዛት ነው። ልውውጥ ማለት ዲግሪው እዚሁ ሆኖ ሁለት ሴሚስተር ብቻ እዚያ ተምሮ መመለስ ነው፤ ስለዚህ «ለምን ተመለስሽ?» ለሚሉኝ መልሱ «ውሉ ነው» የሚል ነው። በራሱ ወጪ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ጀርመን ቪዛ ለመስጠት ተማሪው የዓመት መኖሪያውን በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ እንዲያሳይ ትጠይቃለች፤ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠየቀው 11,904 ዩሮ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ በብር ሲመታ ምን ያህል እንደሚሆን የኢኮኖሚክስ ተማሪ ለሆነ አንባቢ ማስላት አያስፈልገኝም።

የስምንት ዓመት ክፍተት

ችግሬ የጀመረው ገና ከአገር ሳልወጣ ነው። የ9ኛ–12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቴ ላይ ትምህርቴን የጨረስኩት በ2011 ይላል። የኮሌጁ ወረቀት ደግሞ የገባሁት በ2019 ነው ይላል። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በነሱ አቆጣጠር መሆኑ አንዱም ቦታ ላይ አልተጻፈም። ከዚያኛው ወገን የመጣው ኢሜይል በጣም ትሑት ነበር፤ በ2011 እና በ2019 መካከል ባሉት ስምንት ዓመታት ምን ስሠራ እንደነበር ብገልጽላቸው ደስ እንደሚላቸው ይጠይቃል። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የልደት ዘመን 2001 ነውና በነሱ ሒሳብ 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት በአሥር ዓመቴ ነው! መጀመሪያ ሳቅሁ፤ የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ዘጠኝ ቀን እንደቀረው ሳይ ግን ሳቄ ቆመ።

እንደሚታወቀው በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት ዓመት ነው። ምክንያቱም የጥንት የእስክንድርያ ሊቃውንትና የሮማው መነኩሴ ዲዮናስዮስ የክርስቶስን ልደት የቆጠሩበት ስሌት መለያየቱ ነው። እኛ የያዝነው የእስክንድርያን ነው፤ ስህተት አይደለም፣ ሌላ ስሌት ነው። የውጭ አገር መዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ይህን የማወቅ ግዴታ የለበትም። ማስረዳት ያለብን እኛ ነን። እኔ የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ሁለቱም ዓመተ ምሕረት ጎን ለጎን የተጻፈበት ደብዳቤ አስጽፌ፣ አስተርጉሜና አረጋግጬ ላክሁ። ይህን ከማመልከታችሁ በፊት አሠሩት። ጳጉሜ ላይ የተወለዳችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ኦንላይን ፎርሙ ላይ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም።

የስሙ ነገርም አለ። እዚያ ሰው በቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው፤ የቤተሰብ ስም የለኝም ቢባል አይገባቸውም፤ ፎርሙ ላይ ባዶ መተው አይቻልም። ስለዚህ የአባቴ ስም የቤተሰቤ ስም ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ «ወይዘሪት» ብለው የአባቴን ስም ሲጠሩ ዝም አልኩ፤ ሦስተኛው ጥሪ ላይ ነው እኔ መሆኔ የገባኝ። የእናቴን ስም ለድንገተኛ አደጋ ተጠሪ ብዬ ስሞላ ደግሞ «እናትሽ ናት ወይስ የእንጀራ እናትሽ?» ተባልኩ፤ ምክንያቱም የሷ «የቤተሰብ ስም» የአያቴ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የፊደል አጻጻፉ ነው። አንድ ስም ፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት፣ ትራንስክሪፕት ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ከተገኘ ሁለት ሰው ናችሁ። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ እንደ ፓስፖርታችሁ አስተካክሉት።

በኛ ነው በነሱ?

ከመሄዴ በፊት አንጋፋው መምህራችን አንድ ምክር ሰጥተውኝ ነበር። «ልጄ፣ ብርዱን ኮት ትለብሺለታለሽ። የሚያስቸግርሽ ሰዓቱ ነው» አሉኝ። አልገባኝም፤ ስድስት መደመርና መቀነስ ምን ይከብዳል ብዬ ነበር።

የኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ይጀምራል። ይህ ለኢትዮጵያ በጣም የሚስማማ ነው፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ፣ በዘጠኝ ዲግሪ ላይ ስለሆነች በክረምትም በበጋም ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቱሪንገን ግን ሃምሳ አንደኛው ዲግሪ አካባቢ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን የምትገባው ደግሞ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ስምንት ሰዓት የማይሞላ ቀን ማለት ነው፤ እሱም ደመና ነው። ሰኔ ላይ በተቃራኒው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ገና ብርሃን አለው። አንድ ሰዓት ሲሆን ነጋ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መሸ ብሎ የለመደ አእምሮ እዚያ ሲደርስ የሚይዘውን ያጣል። እኔ ኅዳር ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ሁልጊዜ ያረፈድኩ እየመሰለኝ ነበር የምነቃው፤ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እራት በልቼ እተኛ ነበር። በኋላ ስሰማ ከሞቃት አገር የመጡ ተማሪዎች ሁሉ ይህ ይደርስባቸዋል።

ከተማዋ ውስጥ የነበርን ሐበሾች ስንቀጣጠር ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም «በኛ ነው በነሱ?» የሚል ነበር። «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ሲባል ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ሊሆን ይችላል። እናቴ ስትደውል ሦስተኛ ሒሳብ ይጨመራል፤ በክረምታቸው ከኛ በሁለት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው።

በሰዓት አክባሪነታቸው የሚታወቁት ጀርመኖች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን አንድ የሚገርም ልማድ አላቸው። ፕሮግራሙ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተብሎ የተጻፈ ሌክቸር የሚጀምረው 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ «የአካዳሚ ሩብ» ይሉታል። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ለብቻዬ ተቀምጫለሁ። ሐበሻ ቀድሞ ደርሶ ፈረንጅ ሲጠብቅ ማየት ብርቅ ነው፤ እንዲያው ለታሪክ ይመዝገብልኝ። ሌክቸሩ ሲያልቅ ደግሞ ተማሪው ሁሉ ጠረጴዛውን በጣቱ መገጣጠሚያ ያንኳኳል። ተቃውሞ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ጭብጨባቸው ነው።

ዝም ያልኩበት ሴሚስተር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እዚያ የሳምንት የክፍል ሰዓት በጣም ጥቂት ነው። አንድ ሴሚናር በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ «ይሄ ዕረፍት እንጂ ትምህርት አይደለም» ብዬ ለጓደኞቼ ጽፌላቸው ነበር። ስሌቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በኛም ትራንስክሪፕት ላይ ኢሲቲኤስ የሚል ዓምድ አለ፤ ብዙዎቻችን ምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። በጀርመን አንድ የኢሲቲኤስ ነጥብ ማለት ሠላሳ የሥራ ሰዓት ነው። ስድስት ነጥብ ያለው ሴሚናር አንድ መቶ ሰማንያ ሰዓት ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ የምንቀመጠው በአሥራ አምስት ሳምንት ሠላሳ ሰዓት ነው። የቀረው አንድ መቶ ሃምሳ ሰዓት የተማሪው ነው፤ ማንበቢያ፣ ማሰቢያና መጻፊያ። መምህሩ ለሠላሳው ሰዓት እንጂ ለመቶ ሃምሳው ሃንዳውት አይሰጥም።

ሴሚናሩ ውስጥ አሥራ አምስት ሰዎች ነበርን። በየሳምንቱ ሁለት ጽሑፍ አንብበን እንመጣና ክርክር ይጀመራል። እኔ ጽሑፎቹን አነብ ነበር፤ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ። ግን ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፍስም። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም። መምህር እየተናገረ ማቋረጥ፣ «አልስማማም» ማለት፣ ያልተጠየቁትን መናገር ለኔ ነውር ነበር። ዝምታዬ ጨዋነት ነው ብዬ ነው የማምነው። በኛ ሰው ዘንድ ዝም ያለ ሰው አስተዋይ ነው ይባል የለ? እዚያ ግን ዝም ያለ ሰው አላነበበም፣ ወይም ሐሳብ የለውም፣ ወይም አልተመቸውም ማለት ነው። አንድ ቀን መምህርቷ ቢሮ አስጠርታኝ «ደኅና ነሽ ወይ? የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ስትለኝ ታምሜ መሰልኳት። እኔ ደግሞ የተከበርኩ መስሎኝ ነበር።

የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ የአሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ አስረከብኩ። እንደለመድኩት ነው የሠራሁት። ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሪፖርት ጥሩ ጥሩውን አንቀጽ ሰብስቤ፣ መጋጠሚያውን አሳምሬ፣ መጨረሻ ላይ የመጻሕፍት ዝርዝር ጨመርኩበት። በአራተኛው ሳምንት ተመለሰልኝ። ውጤት የለውም። ከአሥራ ሁለቱ ገጽ ሰባቱ በቢጫ ተቀልሟል፤ የተቀለመው የኔ ያልሆነው ዓረፍተ ነገር ነው። ከግርጌው «ቢጫ ያልሆነውን ብቻ አነበብኩ፤ እሱ ጥሩ ነው፤ ግን አጭር ነው» የሚል ማስታወሻ አለ። ሦስት ሳምንት ተሰጠኝ። እንደገና ጽፌ ካላመጣሁ ኮርሱ ይወድቃል፤ ኮርሱ ከወደቀ ስኮላርሺፑ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክሬዲት አይሞላም፤ ካልሞላ ሁለተኛው ሴሚስተር የለም። ሻንጣዬን በሐሳቤ ሸከፍኩ። ለቤተሰብ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሁሉ አቀድኩ።

የመጀመሪያው ስሜቴ ንዴት ነበር። «ምንጩን ጠቅሻለሁ አይደል? መጨረሻው ላይ ዝርዝሩ አለ!» አልኩ። ይህን የነገርኩት እዚያው ዶርም ላይኛው ፎቅ ለሚኖር አንድ የኛ አገር ልጅ ነው፤ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ሲሆን ዘመናዊ ትምህርት ሳይጀምር ጎጃም ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ሁላችንም ዲያቆን ነው የምንለው። ያጽናናኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቀብኝ።

«ቅኔ ይዘረፋል እንጂ አይሰረቅም» አለኝ።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅኔ መዝረፍ ማለት አዲስ ቅኔ ማፍለቅና ማሰማት ነው። ዲያቆን እንዳስረዳኝ፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ ቤት የቅኔ ተማሪ ቀን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከራሱ አእምሮ ያወጣል ማለት ነው። ከዚያ መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ይነቅፋል፣ ያርማል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ መሳቂያ ይሆናል። «ገና ሁለት ስንኝ የሚቆጥረው ሕፃን የራሱን ይዞ ሲመጣ፣ የኮሌጅ ተማሪዋ የሰው ይዛ መጣች» አለኝና ሻይ ቀዳልኝ። የመጻሕፍት ትርጓሜውንም ጨመረልኝ፤ መምህሩ አንዱን ንባብ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ የተለያየውን ሐሳብ ለይቶ ያስቀምጣል እንጂ ሁሉን ቀላቅሎ የራሱ አያስመስልም።

ይህን ስሰማ ያፈርኩት በቢጫው ቀለም አይደለም። ለካ «የፈረንጅ ሕግ» ብዬ የተናደድኩበት ነገር እዚሁ አገር ቤት፣ ከኔ ኮሌጅ በብዙ መቶ ዓመት የሚበልጥ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ነው። መምህርን ማክበርና የራስን ቃል ይዞ መቅረብ እዚያ አይጣሉም። የኔ ዝምታና የኔ ግልበጣ ታዲያ ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከሃንዳውቱ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የተጠየቅሁት የተሰጠኝን መልሼ እንድሰጥ ነው፤ በደንብ መለስኩ፣ ጥሩ ግሬድ አገኘሁ። ማንም «አንቺስ?» ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ስለ ግሬድ ካነሳሁ አይቀር፣ የጀርመን ውጤት ተገልብጦ ነው የሚነበበው። 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ለጥቂት ማለፊያ፣ 5.0 መውደቂያ ነው። በሌላ ኮርስ 1.7 ማግኘቴን ለወንድሜ በቴሌግራም ስጽፍለት «አይዞሽ፣ ለእማዬ አንነግራትም» ብሎ መለሰልኝ።

ያላነበብኩት ኢትዮጵያዊ

ጽሑፉን እንደገና ስጀምር ርዕሱም ተቀየረ። የሴሚናሩ ጉዳይ የድሃ አገሮች ንግድ ነበር። ከአርጀንቲና የመጣ ልጅ ስለ አገሩ ሰው ስለ ራውል ፕሬቢሽ ሲናገር ሰምተነዋል፤ ፕሬቢሽ ጥሬ ዕቃ እየሸጡ ፋብሪካ ዕቃ የሚገዙ አገሮች በንግዱ እየተጎዱ እንደሚሄዱ በ1950 እ.ኤ.አ. የጻፈ ኢኮኖሚስት ነው። ልጁ ተናግሮ ሲጨርስ መምህርቷ ወደኔ ዞራ «ከናንተም አንድ ከዚህ በፊት የጻፈ ሰው አለ አይደል? ጀርመን የተማረ» አለችኝ። አሥራ አራት ሰው አየኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ መንገድም ላይ፣ ንግግርም ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ምን እንዳለ ግን አንድ ነገር መናገር አልቻልኩም። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ፤ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ስሚዝን፣ ሪካርዶን፣ ማርክስን፣ ኬንስን ተፈትኛለሁ። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን ግን አላነበብኩም።

ላይብረሪ ገብቼ አገኘሁት፤ በእንግሊዝኛ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ለንደን የታተመውን ትርጉም። ኢትዮጵያዊው በአማርኛ የጻፈውን ጀርመን አገር ተቀምጬ በእንግሊዝኛ አነበብኩት ማለት ነው። ኀፍረቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ገብረሕይወት በ1886 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ከአገር ወጥቶ በኦስትሪያና በጀርመን ተማረ። ከተመለሰ በኋላ በምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ ሠራ፤ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፉ በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ ታተመ። ዋናው ሥራው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን የታተመው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ። ሲሞት ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

መጽሐፉ ምን ይላል? በአጭሩ፣ የሀብት ምንጭ የሰው ድካም ነው፤ ድካምን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚሠራውን ዕውቀት የሌለው በብዙ ቀን ይሠራዋል። ሁለቱ ሲገበያዩ ታዲያ ያልተማረው የብዙ ቀን ድካሙን ለአንድ ቀን ድካም ይለውጣል። ቡናና ቆዳ ሰጥቶ ጨርቅና ብረት የሚቀበለው አገር ገበያው ነጻ ነው ቢባልም እየደኸየ ይሄዳል። በየመንገዱ የሚከፈለው የውስጥ ቀረጥ ንግድን እንደሚያፍን፣ የገንዘብና የመስፈሪያ ሥርዓት እንደሚያስፈልግም ያስረዳል። ይህ የነጋድራስ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ኬላውን በዓይኑ ያየ። ከፕሬቢሽ በፊት ስንት ዓመት ነው? ከታተመ ብንቆጥር ሃያ ስድስት ዓመት። ሁለቱ አንድ ነገር ብለዋል ማለቴ አይደለም፤ ፕሬቢሽ የዋጋ ቁጥር ይዞ ነው የመጣው፣ ገብረሕይወት ከድካምና ከዕውቀት ተነሥቶ ነው ያሰበው። በአዲሱ ጽሑፌ የሞከርኩት ይህንኑ ልዩነት ማሳየት ነው። ዘጠኝ ገጽ ወጣው። 2.0 አገኘሁ፤ ማለትም ጥሩ። ከኤዬ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸኛው ነው።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሴሚስተር እጄን ማውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ የምለውን ጽፌ ይዤ ነበር የምገባው። አንድ ቀን ከመምህርቷ ጋር ያልተስማማሁበትን ነገር ተናግሬ ፊቷን ሳይ ደስ ብሏታል።

ግንቦት ላይ ከዲያቆን ጋር በባቡር ጎታ ሄድን። ጎታ ትንሽ ከተማ ናት፤ ፍሪደንሽታይን የሚባል ትልቅ የመስፍን ቤተ መንግሥት አላት። በ1652 እ.ኤ.አ. አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው በመስፍኑ ግብዣ ከሮም ወደዚያ መጥተው ነበር፤ የኤርፉርት ተወላጅ የሆነው ሂዮብ ሉዶልፍ ሮም ላይ ካወቃቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሉዶልፍ ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ ይጠይቃል። በኋላ ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ የኢትዮጵያ ታሪኩም ከዚያ ጥያቄና መልስ የወጡ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሞክሩ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ዳቦና እንቁላላችንን ስንበላ ዲያቆን «ጠያቂው ስሙ ቀረ፤ መላሹን ስንቱ ያውቀዋል?» አለ። መላሽ መሆንም ያስፈልጋል አልኩት፤ ረጅም ክርክር ገጠምን፣ ባቡሩም አመለጠን።

ስለ ምግብና ብቸኝነት

በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ ሁሉም የሄደ ሰው ስለሚያወራው። የጤፍ ዱቄት ጤና ምግብ በሚሸጥባቸው ሱቆች አለ፤ ውድ ነው። በዶርም ብርድ ሊጥ አይቦካም፤ ማሞቂያው አጠገብ ማኖር ነው፤ ሽታውን ግን ለጎረቤት አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከምግቡ ይልቅ የከበደኝ «እንብላ» የሚል ሰው ማጣት ነው። ካፌቴሪያ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሳንድዊቹን ከፍቶ ዝም ብሎ ይበላል። እኔ ደግሞ ሳልጋብዝ መብላት ስለሚያንቀኝ «እንብላ» ማለት አላቆምኩም። አንዳንዶቹ ከምር ወስደውት ይቆርሳሉ፤ እንዲህ ነው ሁለት ጓደኛ ያፈራሁት።

ከተመለስኩ በኋላ

የመጣሁ ሰሞን ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ «በዚህ አልስማማም» ስል ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ስንወጣም «ፈረንጅ ሆነሽ መጣሽ» ተባልኩ። ግሩፕ አሳይንመንት ሲሰጠን አምስት ሰው ስም ጽፎ አንድ ሰው እንደሚሠራው ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚሠራው ልጅም ከየት እንደሚገለብጠው እናውቃለን። መምህራኖቻችንም ያውቃሉ፤ አንድ መቶ ሃያ ተማሪ ይዘው ቢጫ ለመቀለም ጊዜ ከየት ያመጣሉ? ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። እኔ የታረምኩት አሥራ አምስት ሰው ባለበት ክፍል ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ለሚሄዱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሳትሄዱ በፊት እዚያ የምትወስዱት ኮርስ እዚህ ከየትኛው ጋር እንደሚተካ በጽሑፍ አስፈርሙ። እኔ ሁለቱን ኮርሶች በቃል ተማምኜ ሄጄ የኮርሱ ስም አልተመሳሰለም ተብሎ እንደገና እየወሰድኳቸው ነው። አንደኛው የኢኮኖሚ ልማት ነው፤ አንጋፋው መምህራችን ናቸው የሚያስተምሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ከግሩፕ አሳይንመንት በተጨማሪ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው አንዲት ገጽ፣ በራሱ ቃል፣ በአማርኛም ቢሆን ጽፎ እንዲያመጣ አዘዙ። ሃያ ሦስት ሰው አመጣ። ሁሉንም ቤታቸው ወስደው አነበቡ፤ የኔን ሲመልሱልኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሠርዘው «ይህን ታምኚበታለሽ ወይስ ያምራል ብለሽ ነው?» ብለው ጽፈውበታል።

የገብረሕይወትን ሥራዎች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በአማርኛ በአንድ ጥራዝ አሳትሟቸዋል። አንድ ቅጂ ገዝቼ ዲፓርትመንቱ ቢሮ አስቀምጫለሁ፤ ጸሐፊዋ ዘንድ ፈርሞ መውሰድ ይቻላል፣ ለአንድ ሳምንት። በእርሳስ የተሰመረው የኔ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ጠርዙ ላይ የሚከራከረኝ ግን ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ገጹን አንብቤ መልስ ጽፌበታለሁ።